በደጉ መደርደሪያ ላይ ስለተገኘው አሞናይት

የምስክሩ ስም፦ ኸይሩ ሸምሱ ሙዘይን
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ባለቤት
አድራሻ፦ ወላይታ ሶዶ ከተማ፣ መርካቶ ክፍለ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበሉት፦ ዋና ሳጅን አዛለች ዳና

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ግለሰብ፣ ትናንት ጥር 27 ቀን በእኔ አቤቱታ የተያዘውን የእምነበረድ ሠራተኛ አቶ ደጉ ወልደሰንበትን በሚመለከት ዕቃውን እንድለይ ተጠርቼ ቀርቤአለሁ። ደጉ በእኔ ምክንያት እዚህ ፖሊስ ጣቢያ አድሯል። ስለዚህ የምናገረው ሳይቀነስ እንዲጻፍልኝ ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ጠፋ ያልኩት ዕቃ አሞናይት ይባላል። ሳጅኗ “ያ ቀንድ አውጣው ነው?” ብለው ጠይቀውኛል። ከተማው በሙሉ “የኸይሩ ቀንድ አውጣ” ይለዋል፤ ይበል። ቀንድ አውጣ ግን አይደለም። የሰው ልጅ ገና ሳይታሰብ በባሕር ይኖር የነበረ እንስሳ ቅርፊቱ ድንጋይ ሆኖ የቀረ ነው። ለሁለት ሲሰነጠቅ ውስጡ በክፍል በክፍል የተሠራ ቤት ይመስላል። የእኛ የወላይታ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ስለሆነ እዚህ ቢቆፍሩ አይገኝም። እኔ ከሐረርጌ በኩል በጭነት መኪና ሹፌሮች እያስመጣሁ በሠላሳ ዓመት አርባ አንድ ሰብስቤአለሁ። ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኩት በራሴ እጅ ነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ አንድ በአንድ ቫዝሊን እቀባቸዋለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ ምሁራን ሳይቀሩ ሳሎኔ ገብተው አፋቸውን ይዘው ወጥተዋል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ቢሆን ያምርብኛል።

ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥቼላቸዋለሁ። የጠፋችው ሙሽራ የምትባለው ናት። መዳፍ የምታህል፣ ማር የመሰለች ናት። ከነገ ወዲያ ሞቼ ብገኝ “ሙሽራ የት ናት?” ተብሎ የሚጠየቅላት ድንጋይ ናት። ሰኞ ጥር 26 ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ እንግዳ ይዤ ቤት ስገባ ከቁምሳጥኑ ውስጥ ቦታዋ ባዶ ነበር። ባለቤቴን ዘሃራን ጠየቅኋት፤ አላየሁም አለች። ያን ዕለት እህል አልቀመስኩም።

በማግሥቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ለደንበኛ እምነበረድ ላዝ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የደጉ ወርክሾፕ ሄድኩ። ከበሩ ሳልገባ ሙሽራን መደርደሪያ ላይ አየኋት። ያው ማር፣ ያው ክፍሎች፣ መሐሏ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ሳትቀር ያቻት! “ሌባ!” ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ተሰበሰበ። ደጉ እጁን በሽርጡ ጠርጎ “ጋሽ ኸይሩ፣ የራሴ ናት። እባክዎ አንሥተው ይዩአት” አለኝ። እኔም “ሠላሳ ዓመት ያየሁ ዓይን እያለኝ ምኑን ልዳስስ!” አልኩት። አልነካኋትም። ፖሊስ ጠርቼ አስያዝኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

ዛሬ ጠዋት በዚህ ቢሮ ደጉ ባለበት ድንጋዩ ቀርቦልኛል። ሳጅኗ ከሶፍት ወረቀት ፈትተው በእጄ ሰጡኝ። ለማመሳከሪያ ይሆናል ብዬ ሚዜ የተባለውን ሌላውን ድንጋዬን ከቤት ይዤ መጥቼ ነበርና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ ያስተዋልኩት የተጠቀለለበት ሶፍት ንጹሕ መሆኑን ነው። ሚዜን ጠቅልዬበት የመጣሁት ወረቀት ግን በቫዝሊን ርሷል። ቀጥሎ የተቆረጠውን ፊቷን ወደ እኔ፣ የቅርፊቷን አፍ ወደ ላይ አድርጌ ያዝኳት። ሙሽራ እንዲህ ስትያዝ ጥምዝምዟ ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህች ወደ ግራ ዞረች። ደግሜ ያዝኳት፤ ደግማ ወደ ግራ ዞረች። 

ነገሩ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በ2009 ዓ.ም. ድንጋዩ ሙሉ ሳለ በማሽን ለሁለት የሰነጠቀልኝ ይኸው ደጉ ነው። አንደኛው ግማሽ ደህና ወጣ፤ እሱ ሙሽራ ሆነ። ሁለተኛው ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀ። ደጉ “ይህንንስ?” ሲለኝ “ጣለው፣ ለምንም አይሆንም” ብዬው ሄድኩ። የአንድ ድንጋይ ሁለት ግማሾች እንደ ሰው ሁለት እጆች ናቸው፤ አንዱ ቀኝ ሲሆን ሌላው ግራ ነው። ትናንት ባነሣት ኖሮ በአንድ ትንፋሽ እለያት ነበር። አቤት ውርደት!

ከሳጅኗ ፈቃድ ጠይቄ ገሱባ ለምታስተምረው ልጄ ለፈይሩዝ ስልክ ደወልኩ። የባዮሎጂ መምህርት ናት። ሙሽራን ለተማሪዎቿ ልታሳይ ሦስት ጊዜ ጠይቃኝ፣ ድንጋይ ከቤት አይወጣም ብዬ ሦስት ጊዜ ከልክያት ነበር። “አባ፣ እኔ ጋ ናት። ሰኞ በማለዳ ከቤት ስመለስ ይዣት ወጣሁ። ልጆቹ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ይንኩት ብዬ ነው” አለችኝ። ሳጅኗም ስልኩን ተቀብለው ከራሷ አንደበት አረጋግጠዋል። ስለዚህ ከቤቴ የተሰረቀ ዕቃ የለም። አቶ ደጉ ሌባ አይደለም። ሌባ ብዬ በአደባባይ የጮህኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬውኑ እዚያው መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ በዚያው ድምፅ ተሳስቻለሁ እላለሁ።

ሳጅኗ “እንግዲህ ይበቃል” ብለው ብዕራቸውን ሊያስቀምጡ ሲሉ አንድ የቀረ አለ ብያለሁ። ድንጋዩን መልሼ አንሥቼ ስንጥቁን በጣቴ ፈለግሁ። አጣሁት። ደጉ በእምነበረድ ዱቄት ስለደፈነው ጣት አይይዘውም። ቅባት ሳይነካው ያበራል፤ ሚዜ አጠገቡ ሲታይ ገንፎ የፈሰሰበት ይመስላል። ሳጅኗም ዳሰስ አድርገው በወላይትኛ “ሎኦ” አሉ፤ መልካም ነው ማለታቸው ነው። ደጉን “በምን ወለወልከው?” አልኩት። መጀመሪያ ድንጋዩን ከእጄ ተቀበለኝ፤ መብቱ ነው። በኋላ “በውኃና በእንሰት ቃጫ” አለኝ። “ስንት ጊዜ ፈጀብህ?” ስለው፣ “ጣለው ያሉኝ ዕለት ጀመርኩ፤ የጨረስኩት አምና ነው” አለኝ።

ይህን ስሰማ ያደረብኝ ቅናት መሆኑን አልክድም። ሆኖም አሞናይት የሚያውቅ ሰው ነኝና እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ በሶዶ ከተማ ካሉት ሁሉ በአጨራረስ አንደኛው የአቶ ደጉ ወልደሰንበት ነው። ሳጅኗ “ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም” ብለውኛል። ለእኔ ጉዳዩ ይኼው ነው፤ ይህ ካልተጻፈና ደጉም ድንጋዩን በእጁ ይዞ ካልወጣ አልፈርምም ብያለሁ። ተጽፏል።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የጎደለውም የተጨመረበትም የለም። ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ኸይሩ ሸምሱ (ፈርመዋል)
ቃሉን የተቀበሉት ፖሊስ፦ ዋና ሳጅን አዛለች ዳና (ፈርመዋል)
ኤግዚቢቱን ተረካቢ፣ የድንጋዩ ባለቤትና ሠሪ፦ ደጉ ወልደሰንበት (ፈርመዋል)