ለብቻው የተሰጣ ፎጣ

“እማዬ፣ ፎጣዬን ለምን ለየሽብኝ?”

ልጄ ይህን የጠየቀችኝ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ነው። “ለንጽሕና ነው” አልኳት። ፎጣዋን ከገመዱ ጫፍ፣ ከእኛ ፎጣዎች ሁለት ክንድ ያህል አርቄ ሰቅዬው ነበር። እንዳይቀላቀልም ጥጉ ላይ በቀይ ክር ምልክት ሰፍቼበታለሁ። ልጄ ቀዩን ክር በጣቷ ነካ አደረገችና “እሺ” ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከሦስት ቀን በኋላ ለብቻዋ የምትኖርበት ክፍል እየፈለገች መሆኑን ከጎረቤት ሰማሁ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ልጄ ፀጉር ሠሪ ናት። ስድስት ዓመት በአንድ ፀጉር ቤት ሠርታ የራሷን ደንበኞች አፍርታለች። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ስታበጥራት ከጆሮዋ ኋላ ሳንቲም የሚያህል ልሙጥ ቦታ አገኘች። ከዚያ ሌላ ቦታ ተገኘ፣ ከዚያም ሌላ። በሁለት ወር ውስጥ የፀጉሯ እኩሌታ ረገፈ። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ወረቀት ይዛ መጣች። በሽታው አይተላለፍም፣ የራሴ ሰውነት ነው የፀጉሬን ሥር በስህተት የሚያጠቃው፣ ፀጉሬ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለችኝ። ከዚያ ዊግ ገዛችና ከዚያች ባልደረባዋ በቀር ማንም ሳያውቅባት መሥራቷን ቀጠለች።

እኔ ግን አላመንኳትም። እንዳልጨነቅ ብላ ያለሳለሰችው መሰለኝ። ከእኛ ጋር የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ነው የምላት፣ ገና የመጀመሪያውን ቀን “ይሄ ቆረቆር ነው” ብላ ፈርዳለች። ፍርዷ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ልጆች ሳለን ቤታችን ቆረቆር ገብቶ፣ በአንድ ማበጠሪያ ስንበጠር የኖርን አራት ልጆች ሦስታችን ተመልጠናል፤ ማለቴ ሦስቱ ተመልጠዋል፤ እኔ ነኝ ያመለጥኩት። ስለዚህ እትዬ መጀመሪያ ማበጠሪያውን ለዪ አለችኝ፤ ለየሁ። ቀጥላ ትራሱን፤ ለየሁ። ከዚያ ፎጣውን። ብርጭቆውንም ስትለኝ ግን እምቢ አልኩ፤ ለዚህም ራሴን እንደ ደግ እናት ቆጠርኩ።

የሐኪሙ ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ተቀምጦ ነበር። እኔ በዚያ ዓመት ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ጀምሬ ፊደሉን ለይቼ ቃል መግጠም ደርሻለሁ። ማንበብ ሳልችል ወረቀቱን አላነበብኩትም፤ ማንበብ ከቻልኩ በኋላም አላነበብኩትም። ሰው ቢያነብልኝ የልጄ ገመና ይወጣል፣ ራሴ ባነበው ደግሞ የምፈራው ቃል ይኖርበታል ብዬ። ክፍል እየፈለገች ነው ሲሉኝ ግን ወረቀቱን አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩና ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

በተራ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። የደንብ ልብስ ለብሳለች፤ ትልልቅ ጉትቻ አድርጋለች፤ ራሷ ላይ ግን አንድ ዘለላ ፀጉር የለም፤ እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አልችልበትም።

“እግዜር ይማርሽ እህቴ” አልኳት።

“አሜን” ብላ ጉንጯን ያዘች። “እንቅልፍ ነሣኝ እኮ።”

“መቼ ጀመረሽ?”

“ከትናንት ወዲያ።”

“በሁለት ቀን እንዲህ አደረገሽ?”

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችኝ፤ ዓይኔ የት እንዳረፈ አየች፤ ከዚያ ጉንጯን እንደያዘች ሳቀች። “ጥርሴን ነው ያመመኝ። ፀጉሬማ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ስጠይቅ ለካ ሳላውቀው አንድ ስንዝር ያህል ከአጠገቧ ፈቀቅ ብያለሁ። እሷ አይታዋለች። “አይተላለፍም” አለችኝ ለስለስ ብላ፤ “ግን ቦታ ሞልቷል፣ እንደተመቸሽ ሁኚ።”

ይህን ስትል ወረቀቱን አወጣሁ። የልጄ ነው፣ አንብቢልኝ አልኳት። መነጽሬን አውቶቡሱ ላይ ትቼዋለሁ፣ አንቺ አንብቢው፣ እኔ እሰማሻለሁ አለችኝ። ለካ የአውቶቡስ ሹፌር ናት። መነጽሯን ረስታ የምትነዳ ሹፌር መሆኗ ትንሽ አስጨነቀኝ፤ ቢሆንም ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ እየተደናቀፍኩ ጀመርኩ። የላይኛው ክፍል የመድኃኒት ስም ነበር፤ ዘለልኩት። ከታች እንዲህ ይላል፦ “ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ማበጠሪያ፣ ትራስ ወይም ፎጣ መለየት አያስፈልግም።”

ፎጣ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ጣቴን አቁሜ ደግሜ አነበብኩት። ይህ ቃል አራት ወር ሙሉ ከእኔ ዘንድ፣ በእኔው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ሹፌሯ እስክረጋጋ ጠበቀችኝ። ከዚያ ምን መድኃኒት ሰጧት ብላ አልጠየቀችኝም። “ልጅሽ ስለ ፀጉሯ ከማን ጋር ታወራለች?” አለችኝ። አሰብኩ። ከእኔ ጋር አታወራም። ከእትዬ ጋርማ እንዴት ብላ። በሥራ ቦታ ዊጉን ጠብቃ ትውላለች፣ ቤት ስትገባ ቀዩን ክር ታያለች። ከማንም ጋር አልኳት። ሹፌሯም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጤና ጣቢያው ውስጥ ባለው አዳራሽ ፀጉራቸው የረገፈ ሰዎች እንደሚሰበሰቡ ነገረችኝ። አንዲት ሙሽራ ለመሆን የተቃረበች፣ አንድ የባንክ ጥበቃ፣ አንድ የስምንት ዓመት ልጁን ይዞ የሚመጣ አባት አሉ። እዚያ ፀሐይ ራስን እንዳያቃጥል ምን እንደሚደረግ፣ የረገፈ ቅንድብ እንዴት እንደሚሳል፣ ሰው አፍጥጦ ሲያይ ምን እንደሚባል ይማማራሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም አይማማሩም፤ ይሳሳቃሉ ብቻ።

ቤታችን ድረስ እንድትመጣ ለመንኳት። እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣች፣ ባዶ ራሷን ይዛ።

እትዬ እንግዳዋን ባየች ጊዜ የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ለረጅም ሰዓት አላነሣችውም። ልጄ ዊጓን አድርጋ ከወንበሩ ጫፍ ተቀምጣለች። ሹፌሯ ስለ ተሳፋሪዎቿ፣ ስለ መንገዱ መዘጋት ትንሽ ካጫወተችን በኋላ እትዬ ትዕግሥቷ አለቀ።

“አንቺ ልጅ፣ ደፈርሽኝ አትበይኝና፣ እንዲህ ሆነሽ አደባባይ መውጣት አያሳፍርሽም?”

“መጀመሪያ ሁለት ዓመት አፍሬያለሁ እናቴ። ከዚያ ደከመኝ።”

“የአንቺስ ሥራ መሪ መያዝ ነው። ይቺ ግን ፀጉር ሠሪ ናት። ፀጉር የሌላትን ፀጉር ሠሪ ማን ያምናታል?”

ሹፌሯ መልስ ልትሰጥ ስትል ልጄ ቀደመቻት። አክስቷን በአንቱታ ነው የምትጠራት፤ በዚያን ዕለትም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

“አክስቴ፣ እርስዎ የማያውቁትን ልንገርዎ። እኔ ወንበር ላይ ከሚቀመጡት ሴቶች ብዙዎቹ የሆነ ቦታ ፀጉራቸው ሳስቷል። አንዳንዱ ከወሊድ በኋላ ነው፣ አንዳንዱ በጣም ተወጥሮ ስለሚሠራ ግንባሩ ላይ ያልቃል። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ‘እዚህ ጋ ሸፍኚልኝ’ ይሉኛል። እኔም ዊጌን አድርጌ እሸፍንላቸዋለሁ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ አታጥብቂው ማለት እፈልጋለሁ፤ እንዳልል ደግሞ ወደ እኔ ራስ ያያሉ ብዬ እፈራለሁ። ማንን ነው የሚያምኑት? ዊጉን ነው እንጂ እኔን አይደለም።”

“ደንበኛ ቢሸሽሽስ?”

“ይሸሻል። አሁን ግን የምሸሸው እኔ ነኝ።”

እትዬ ወደ እኔ ዞረች፣ አግዥኝ እንደ ማለት። እኔ ወረቀቱን አንሥቼ ፎጣ እስከሚለው ድረስ አነበብኩ። በዚህ ጊዜ ያን ያህል አልተደናቀፍኩም። አንድ ቃል ላይ ስቆም ሹፌሯ በትከሻዬ ላይ አየት አድርጋ ያለ መነጽር ነገረችኝ፤ ጤና ጣቢያ መነጽሬን ረሳሁ ያለችኝ ራሴ እንዳነብ ብላ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እትዬ ግን አልተረታችም። “ወረቀት ነው” አለች። “እኔ በዓይኔ ያየሁትን እናገራለሁ። ቆረቆር ቤታችን የገባ ጊዜ መጀመሪያ የያዘው እኔን ነው። ዕቃ ቤት ለብቻዬ አስተኙኝ። ለሁለቱ ዘግይቶ ነበር፤ ይቺ እናትሽ ግን ያመለጠችው እኔን ስለለዩኝ ነው። መለየት ያድናል።”

ልክ ናት። አንባቢ ሆይ፣ እትዬ ክፉ ሰው አይደለችም፤ በአንድ በሽታ የተማረችውን በሌላ በሽታ ላይ አዋለችው እንጂ። ያኛው ይተላለፋል፣ በመድኃኒትም ይድናል፤ የልጄ ሌላ ነው። ሁለቱም ራስን ስለሚመልጡ አንድ መሰሏት።

ልጄ ይህን ሁሉ ልታስረዳት ትችል ነበር። እሷ ግን “ዕቃ ቤቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ቆዩ?” ብላ ጠየቀቻት።

“ወሩን እንጃ። ብርዱ አልፎ ሙቀት ገብቶ ነበር።”

“ማን ይጠይቅዎት ነበር?”

“ማንም። ሳህኔን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው አንኳኩተው ይሄዳሉ።”

“ማን ነበር የሚያስቀምጠው?”

እትዬ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። “ይቺ። ስድስት ዓመቷ ነበር። አስቀምጣ ትሮጥ ነበር። በበሩ ስንጥቅ እግሯን አየው ነበር።”

እኔ ይህን ረስቼው ነበር። እሷ ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላነሣችብኝም።

እትዬ በዝግታ ተነሥታ ወደ ግቢ ወጣች። ስትመለስ የልጄን ፎጣ ይዛ ነበር። “መቀስ ስጪኝ” አለችኝና ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቀዩን ክር አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር። ዓይኗ ስለደከመ አንዳንዱን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር የምታገኘው።

ያን ጊዜ ለልጄ መልሷን ሰጠኋት። “ፎጣሽን የለየሁት ፈርቼ ነው” አልኳት። “የነገርሽኝን ማመን ፈራሁ፣ የተጻፈውን ማንበብ ፈራሁ፤ ፍርሃቴን ደብቄ ንጽሕና ነው አልኩሽ።”

“እኔ የተጠየፍሽኝ መስሎኝ ነበር” አለች።

ከዚያ እጇን ወደ ራሷ ሰድዳ ዊጉን አወለቀች። እናቷ ሆኜ፣ በአንድ ቤት እየኖርን፣ ራሷን በቀን ብርሃን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። አልፎ አልፎ የቀረው ፀጉር እንደ ጫጩት ላባ ነው። ፊቷ ግን ያው የራሷ ነው።

እትዬ ከፎጣው ቀና ብላ አየቻት። “ራስሽ ክብ ነው፣ ያምራል” አለች። ቀጥላም “እንግዳ ሲመጣ ግን አድርጊው” አለቻት።

“እኔስ እንግዳ አይደለሁም እንዴ?” አለች ሹፌሯ።

“የአንቺማ ባሰ” አለችና እትዬ ብርጭቆዋን አንሥታ ጠጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔና ልጄ ወደ አዳራሹ ሄድን። የመጀመሪያውን ቀን ልጄ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ያ የስምንት ዓመት ልጅ ቅንድብ እንድትስልለት ሲለምናት ብቻ ሳለችለት። በሦስተኛው ቅዳሜ እሷ ነበረች የምታስቀን። እኔም ከእናቶቹና ከአባቶቹ ጋር ተቀምጬ፣ ጭንቀቴን ልጄ ላይ ሳላራግፍ የምናገርበት ቦታ አገኘሁ። ይህ እንደሚያስፈልገኝ አላውቅም ነበር።

ከወር በኋላ አንድ ማክሰኞ ዊጉን ቤት ትታ ሥራ ገባች። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ካስኩን፣ ማድረቂያውን ማለቴ ነው፣ ደንበኛ ራስ ላይ እንደደፋች ረስታ አፍጥጣ ቀረች አሉ። ልጄ በአዳራሹ የተለማመደችውን ተናገረች፦ “ፀጉሬ ረግፏል፣ አይተላለፍም፣ ደህና ነኝ፤ መጠየቅ የፈለገ ይጠይቀኝ።” ከዚያ ማበጠሪያዋን አነሣች።

ፀጉሯ ተመለሰ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ባንድ ወገን ነጭ ለስላሳ ፀጉር በቀለ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ያም ረገፈ። የሐኪም ክትትሏን አላቋረጠችም። የተገኘው ጥቅም ሌላ ነው። ዊጉ ይንሸራተታል ብላ አንገቷን አድርቃ መዋል ቀረላት፤ የአንገቷ ሕመምም አብሮ ሄደ። ሲያምራት ታደርገዋለች፣ ሲሞቃት ታወልቀዋለች። አንዲት መምህርት ደንበኛዋ የሳሳ ግንባሯን ሳትሸፍን አሳየቻት፤ ልጄም ተወጥሮ መሠራቱን አስቀርታ ሐኪም ዘንድ ላከቻት፤ በጊዜ ስለነበር ቦታው ሞላ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥም መጀመሪያ ሐኪም የጻፈውን አንብቡ፤ ማንበብ ባትችሉ አስነብቡ። ዕቃ ከመለየታችሁ በፊት የሚለየው ሰው ማን እንደሆነ አስቡ። ልጃችሁንም ስለ ፀጉሯ ከማን ጋር ታወራለች ብላችሁ ጠይቁ።

የልጄ ቋሚ ደንበኞች አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። አምስቱ ሄዱ፣ አሥራ አራቱ ቀሩ። እትዬ ከእኔ ጋር ናት። ልጄ ባለፈው ወር ለሥራዋ ቅርብ የሆነ ክፍል ተከራይታ ወጣች፤ በየእሑዱ ትመጣለች። ዕቃዋን ስትሸክፍ ከገመዱ ላይ ያነሣችው የእኔን ፎጣ ነው። የእሷ እዚህ ቀርቷል።