ላምጪው ይከፈላል

(ቅዳሜ ረፋድ፣ በግምጃ ቤቱ ግቢ ከውጭ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ፤ ጠላት ከወጣ በኋላ የአገሪቱን የመጀመሪያ የወረቀት ብር ፊደል የጻፉት መሪጌታ እንግዳወርቅና የሥራው ኃላፊ አቶ ሸዋንግዛው አንድ ያልተፈረመ ወረቀት መካከላቸው አድርገው ተቀምጠዋል።)

እንግዳወርቅ፦ አልፈርምም መቼ ወጣኝ? ልውጣና ተመልሼ እፈርማለሁ ነው ያልኩህ።

ሸዋንግዛው፦ ይፈርሙና ይወጣሉ ነው የተባለው፣ መሪጌታ። ትእዛዙ የኔ አይደለም።

እንግዳወርቅ፦ ሦስት ወር ሙሉ ያንተ ያልሆነ ትእዛዝ ነው ቆልፎ የያዘኝ። ስገባ ሁለት ሳምንት ነው አላችሁኝ። የብሩን መልክ ያየ ሰው አዋጁ ሳይነገር ከወጣ ሐሰተኛ ብር ሠሪ ይቀድመናል አላችሁ፤ እሺ አልኩ። ይኸው ብሩ ባሕር ማዶ ታትሞ መጣ፣ አዋጁም ሰኞ ነው። ልጄ ደግሞ ነገ ታገባለች። ከዚህ በላይ ምን ቀረ?

ሸዋንግዛው፦ ፊርማ ቀረ። አንዲት መስመር ናት፦ «ጽሕፈቱን ፊደል በፊደል አይቻለሁ፣ ስሕተት የለበትም።» መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ለምሳ ቤትዎ ይደርሳሉ።

እንግዳወርቅ፦ ከትናንት በፊት ብታመጣው ዓይኔን ሳላሽ እፈርምልህ ነበር።

ሸዋንግዛው፦ ትናንት ምን ተገኘ?

እንግዳወርቅ፦ ኩምሳ ብሩን ቀደደው።

ሸዋንግዛው፦ ዘበኛው?

እንግዳወርቅ፦ አዎ። ባላገር ሲይዘው እንዴት ይሆናል ብለህ ናሙናውን የሰጠኸው አንተው ነህ። ፊደል ቆጥሯል፣ ታውቃለህ። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፦ «ሁለት ብር ላምጪው ይከፈላል።» ከዚያ አጠፈው፣ እጥፋቱን በጥፍሩ ጫን ጫን አደረገና እኩል ለሁለት ቀዶ ግማሹን ሰጠኝ። «አንዱ ብር ለርስዎ ይሁን» አለኝ፣ የልግስናው ብዛት! ምን ማድረግህ ነው ስለው፣ «ይከፈላል ይላል እኮ» ብሎ እኔኑ ታዘበኝ።

ሸዋንግዛው፦ እንግዲህ ሞኝ ነው፣ ምን ይደረግ።

እንግዳወርቅ፦ ምኑ ነው ሞኝ? አሞሌ እየሰበረ ያደገ ሰው ነው። መልስ ሲጠፋ ጨው ይከፈላል። ይኼኛው ደግሞ እንደሚከፈል ፊቱ ላይ ተጽፎለታል።

ሸዋንግዛው፦ መክፈል ማለት እዚህ ላይ ዋጋ መስጠት ነው። ማንም ይገባዋል።

እንግዳወርቅ፦ ቢሮ የሚውል ይገባዋል። እኔም የኩምሳ ብቻ መስሎኝ፣ ምግብ የምታመጣልንን ወይዘሮ ደብሪቱን ጠየቅኋት። ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። ምን አለች መሰለህ?

ሸዋንግዛው፦ ምን አለች?

እንግዳወርቅ፦ «ስንት ቦታ?»

ሸዋንግዛው፦ ስንት ቦታ አለች…

እንግዳወርቅ፦ ስንት ቦታ። ሰኞ እንግዲህ አንዷ ዶሮ ትሸጥና ግማሽ ወረቀት ተቀብላ ቤቷ ትገባለች። በሳምንቱ ያንን ይዛ እናንተ መስኮት ላይ ስትቆም፣ ይህ ዋጋ የለውም ትሏታላችሁ። መንግሥት ራሱ ክፈሉት ብሎ ጽፎ፣ ሲከፍሉት ከስራችኋል ሊል ነው። ዕድሜ ልኳን ወረቀት የሚባል ነገር ታምናለች?

ሸዋንግዛው፦ በነጋሪት እናስነግራለን።

እንግዳወርቅ፦ ነጋሪቱ ስንት ገበያ ሊደርስ? ብሩ ይቀድመዋል።

ሸዋንግዛው፦ መሪጌታ፣ ነገሩን ባያከሩት ምን አለበት? ይህን ብር ያሳተምነው በስንት ልመና ነው። እነዚያ የእንግሊዝ አማካሪዎች ገና አልደረሳችሁም፣ ሌላ ዓመት በኛ ሽልንግ ቆዩ እያሉ አፍንጫችን ሥር ቆመዋል። አሁን የብሩ ሣጥኖች ሳይከፈቱ ቀሩ ቢባል፣ አላልናችሁም ነው የሚሉን። ጠላት ወጣ ብለን ጨፍረን፣ የሰው ንጉሥ መልክ ባለበት ገንዘብ እየተገበያየን ልንቀር?

እንግዳወርቅ፦ እሱስ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር?

ሸዋንግዛው፦ አልነበረም።

እንግዳወርቅ፦ ምን ነበር?

ሸዋንግዛው፦ «ላምጪው ዋጋው ይሰጣል» ነበር።

እንግዳወርቅ፦ ማን ለወጠው?

ሸዋንግዛው፦ «ይሰጣል» ሲባል ምጽዋት መሰለኝ። ከበድ ያለ ቃል ፈለግሁ።

እንግዳወርቅ፦ አገኘህ። እኔም ዝም ብዬ ጻፍኩልህ። የ«ፈ»ን አንገት ለማሳመር ሦስት ቀን ስቀመጥ፣ ቃሉን አንድ ቀን አላሰብኩትም። ጥፋቱ የኔም ነው፤ አልሸሽም። አሁን ይህን ወረቀት ያረቀቀው ማን እንደሆነ ንገረኝ።

ሸዋንግዛው፦ …እኔ ነኝ።

እንግዳወርቅ፦ ትእዛዙ የኔ አይደለም ስትል ነበር።

ሸዋንግዛው፦ እንዳልሰማ ሆንኩ እንጂ፣ ኩምሳ ትናንት የብሩን ግማሽ ይዞ እኔም ዘንድ መጥቶ ነበር። ሌላውን ለመሪጌታ ሰጠሁ አለኝ። ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት። ፈራሁ፣ መሪጌታ። አራት ልጆች አሉኝ። ቃሉ የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከፊቴ የሚቆም ስም ፈለግሁ።

እንግዳወርቅ፦ እና የኔ አንገት ይሻላል አልክ።

ሸዋንግዛው፦ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ ይምሩዎታል ብዬ ነው።

እንግዳወርቅ፦ ወይ አንተ ልጅ። በል ስማኝ፣ መላ አለው። ማኅተም እቀርጻለሁ። ከ«ላምጪው» በፊት «ዋጋው» የምትል አንዲት ቃል ትረገጣለች፤ ለዚያ የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ። «ሁለት ብር፤ ዋጋው ላምጪው ይከፈላል።» ዋጋን ማንም አይቀድደውም። ሣጥኖቹም አይመለሱም።

ሸዋንግዛው፦ ያን ሁሉ ብር አንድ በአንድ ስንመታ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እንግዳወርቅ፦ ሁለት ወር።

ሸዋንግዛው፦ አዋጁም ሁለት ወር ይገፋል። እስከዚያ እርስዎም አይወጡም።

እንግዳወርቅ፦ አውቃለሁ። ልውጣና ተመልሼ እፈርማለሁ ስልህ ምን የምልህ መሰለህ? ልጄን ድሬ፣ መርቄ፣ በራሴ እግር ተመልሼ እንድትቆልፍብኝ ነው። አንዲት ቀን ስጠኝ።

ሸዋንግዛው፦ በሥልጣኔ ቢሆን አሁኑኑ። በሩ ላይ ያለው ሻምበል እኔንም ጫማዬን አስወልቆ ነው የሚያሳልፈኝ። ያልፈረመ ሰው ላንዲት ሰዓትም አያስወጣም። አንድ መውጫ ነው ያለዎት፣ እሱም ይቺ ወረቀት ናት።

እንግዳወርቅ፦ ብዕሩን ወዲህ በል።

ሸዋንግዛው፦ እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ግርጌው ላይ… መሪጌታ፣ ይህማ ፊርማ ብቻ አይደለም።

እንግዳወርቅ፦ አንብበው።

ሸዋንግዛው፦ «ቃሉ ስሕተት አለበት። ሰው ብሩን ይቀድደዋል። ሳይታረም እንዳይወጣ። እንግዳወርቅ።»

እንግዳወርቅ፦ ቀለሙ እስኪደርቅ አትንካው።

ሸዋንግዛው፦ ልጅዎስ?

እንግዳወርቅ፦ ባሏ ጎሬ ነው የሚወስዳት። መንገዱ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ታውቃለህ፤ እኔ ደግሞ ስድሳ ሰባቴን ይዣለሁ። እሷን ብቻ ነው የወለድኩት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ፀጉሯን ሳይቀር እኔ ነኝ ያበጠርኩላት። ሌላ አትጠይቀኝ። ከፈለግህ ወረቀቱን ቅደደው፤ ከኔና ካንተ በቀር ያየው የለም።

ሸዋንግዛው፦ ብዕሩን ይስጡኝ።

እንግዳወርቅ፦ ምን ልታደርግ?

ሸዋንግዛው፦ ከስምዎ በታች ቦታ አለ። «ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሸዋንግዛው።» ይበቃል?

እንግዳወርቅ፦ ይበቃል። ፊደልህን አበላሸኸው እንጂ።

ሸዋንግዛው፦ ከዛሬ ጀምሮ እኔንም የሚያስወጣኝ የለም። መኪናውን ልመልሰው ነው። ለልጅዎ የሚልኩት ካለ ይዞ ይሂድ።

እንግዳወርቅ፦ ምን አለኝና? ደብዳቤ እንዳልል፣ የጻፍኩላትን ሁሉ አንተ እያነበብክ ግማሹን በጥቁር ቀለም ስታጠፋብኝ ከረምክ። የት እንዳለሁ አይነገራት፣ ምን እንደምሠራ አይነገራት። ለምን ከሠርጓ እንደቀረሁ ምን ብዬ ልጻፍ? አባቴ ረሳኝ እያለች ነው በቅሎ ላይ የምትወጣው።

ሸዋንግዛው፦ እንደሆነው አድርገው ይጻፉላት።

እንግዳወርቅ፦ እንደሆነው ስል ታጠፋዋለህ።

ሸዋንግዛው፦ ይጻፉ፣ መሪጌታ። ዛሬ አላነበውም።