በብሩሽ ሠሪው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጥርስ

ከፋርማሲዬ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ሱቅ የሚሠሩትን ብሩሽ ሠሪ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ጭራ ይላቸዋል። የፈረስ ጭራ ከእጃቸው ስለማይለይ የወጣላቸው ስም ነው፤ እሳቸውም አይቀየሙም። ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ግን ሲያወሩ አፋቸውን በመዳፋቸው ይከልላሉ፤ ምሳቸውንም በር ዘግተው ብቻቸውን ይበላሉ። እህታቸው በየእሑዱ ለምሳ ስትጠራቸው ሥራ በዝቶብኛል ይላሉ። ሥራ እንደሌላቸው እኔ ጎረቤታቸው አውቃለሁ።

አንድ ቀን የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ልገዛ ጎራ ስል፣ የእህታቸው ልጅ የሳይንስ አስተማሪዋ እንዳጋጣሚ እዚያው ደረሰች። ከሰላምታ በኋላ የመጣችበትን አልደበቀችም። እናቷ ወንድሜ ተቀይሞኛል ብላ ተስፋ ቆርጣለች፤ በዚህ እሑድም ካልመጡ ዳግመኛ አትጠራቸውም።

"ሥራ አለብኝ" አሉ ጋሽ ጭራ ፊታቸውን አዙረው።

ልጅቱ የሥራ ጠረጴዛውን አየችው። ጭራ ያልተተከለበት አንድ ባዶ እንጨት ብቻ ተቀምጦበታል፤ አቧራም ጠጥቷል። እኔም ብሩሼን ይዤ መውጣት ሲገባኝ እግሬ እንቢ አለኝ፤ የሰው ጉዳይ ውስጥ ጥልቅ ማለት ልማዴ ነው።

በመጨረሻ ሽማግሌው አፋቸውን በመዳፋቸው እንደከለሉ እውነቱን ተናገሩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥቁር፣ ረጅምና ስስ ነገር እያሳዩ፣ "ያ ከአባቴ የወረስኩት የዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው" አሉ። "ጥርስ ያለው በባሕሩ ላይ ይነግሣል። ጥርሱ ያለቀ ደግሞ ጥጉን ይይዛል። እኔም ጥጌን ይዣለሁ፤ ለእናትሽ እንዲህ በያት።"

ልጅቱ ቀረብ ብላ አየችውና ጥርስ አይደለም አለቻቸው። ተቆጡ። አባታቸውን ውሸታም ማድረጓ ነው ወይ? እሷም ድምፅዋን ሳትጨምር፣ "አጎቴ፣ ነጋዴ ጭራ ሲያመጣልዎ እውነተኛ መሆኑን በምን ይለያሉ?" ስትል ጠየቀች።

ነገሩ ገባቸው፤ እውነተኛ ጭራ ሲቃጠል እንደ ጸጉር ይሸታል። ከዚያ ጥቁር ነገር ጫፍ ከተንጨፈረረው አንዲት ክር ነቅለው ክብሪት ለኮሱባት። የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ሱቋን ሞላት። እኔ ስለ ክኒን አወሳሰድ ስለፈልፍ ሰሚ አጥቼ የምውል ሰው፣ አንዲት ክብሪት ሽማግሌ ስታሳምን በዓይኔ አየሁ።

ጋሽ ጭራ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ልጅቱም ለክፍሏ ተማሪዎች እንደምታደርገው በዝግታ አስረዳቻቸው። ዓሣ ነባሪዎች ሁለት ወገን ናቸው። ባለ ጥርሶቹ፣ ዶልፊን ጭምር፣ ዓሣውን አሳደው ይይዛሉ፤ በጨለማም ቢሆን ድምፅ አሰምተው በሚመለሰው ማሚቶ ያገኙታል፤ አናታቸው ላይ ያለው የመተንፈሻ ቀዳዳም አንድ ነው። የጥርስ አልባዎቹ ቀዳዳ ሁለት ነው። ከላይኛው መንጋጋቸው ይህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ዓይነት ነገር እንደ መጋረጃ ተደርድሮ ይወርዳል፤ የተሠራውም ጸጉርና ጥፍር ከተሠሩበት ነው። ውሃውን ጎርሰው በዚያ ወንፊት ያጠሉታል፤ ደቃቁ ፍጥረት ይቀርላቸዋል።

"በዓለም ላይ ከኖረ እንስሳ ሁሉ ትልቁ ከየትኛው ወገን ይመስልዎታል?"

"ከባለ ጥርሶቹ ነዋ።"

"አንድም ጥርስ የለውም።"

ጋሽ ጭራ ግን የዓሣ ነባሪዎቹ ኑሮስ እንዴት ነው፣ በመንጋ ነው ወይስ ለየብቻ ብለው ጠየቁ። ልጅቱ መዋሸት አልሆነላትም። ባለ ጥርሶቹ አብዛኛውን ጊዜ በመንጋ ይኖራሉ፣ ጥርስ አልባዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው ወይም ሁለት ሦስት ሆነው ነው አለች።

"ይኸውልሽ፤ አንቺው ተናገርሽው" አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ የድል ስሜት አልነበረም። ክርክሩን የረቱት እሳቸው መሰሉኝ።

"ለብቻው ቢሄድም ዝም አይልም አጎቴ" አለች። "ድምፁ ወፍራም ነው፤ በውሃው ውስጥ እጅግ ሩቅ ይሄዳል፤ ሌላውም ሰምቶ ይመልሳል። ምግብ ባለበትም ይሰባሰባሉ። እርስዎን ግን እናቴ ትጠራለች፣ አይመልሱም። ስልኩን ዘግታ ስታለቅስ የማያት እኔ ነኝ።"

"እኔ በእሷ ልቀየም?" አሉ። መዳፋቸው ሳያውቁት ከአፋቸው ወርዶ ነበር። "አፌን እንዳታይብኝ ብዬ እንጂ።"

ከዚያ በኋላ የቀራቸው ሙግት ትንሽ ነበር። ልጅቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያሠሩ ስትላቸው፣ በሽምግልና ማጭበርበር ነው አሉ። ልጅቱ ወደ ግድግዳው እያሳየች፣ ይህም ጥርስ አይደለም፣ ግን ያን የሚያህል ገላ መግቧል አለቻቸው። እኔም ሳያኝኩ መዋጥ ሆድ እንደሚጎዳ፣ ከእኔ የሚገዙት የጨጓራ መድኃኒት መነሻውም ይኸው ሊሆን እንደሚችል ነገርኳቸው። እስኪሠራላቸው ድረስ እናቷ ለስላሳ ምግብ እንደምታዘጋጅም ልጅቱ ቃል ገባች። ሽማግሌውም እሺ አሉ።

ዛሬ ጋሽ ጭራ አዲስ ጥርስ አላቸው። አኝከው ይበላሉ፤ ሆዳቸው ተሽሏል፤ ንግግራቸው ስለጠራ ገበያተኛ ተመልሶላቸዋል፤ ስልክም ያነሳሉ። ስለ ግድግዳው ጌጥ ለሚጠይቅም ትክክለኛውን ያስረዳሉ። ለጤና ሐኪም ዘንድ መሄድ ኀፍረት አይደለም፤ ኀፍረት ያቆራረጠው ዘመድ ግን ብዙ ነው።

እኔ የማልረሳው ግን ጥርሱ ገና ሳይሠራ የመጣውን እሑድ ነው። ከባንኮኒዬ ኋላ ቆሜ ደረቅ ዳቦ ስበላ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ጭራ ንጹሕ ኮት ለብሰዋል። አፋቸውን አልከለሉም።

"እህቴ ዘንድ ልሄድ ነው" አሉኝ። ዳቦውን አዩት። "አንተ ጥርስህ ሙሉ ነው። ምን ሆነህ ነው ብቻህን የምትበላው?"

ዳቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁ። እሳቸውም ኮቴን ከተሰቀለበት አውርደው አቀበሉኝ።