«ተጠለፈች!» ሲሉ

የልጅ ልጄ ለክለብ ኳስ ትጫወታለች፤ እሷን ልይ ብዬ ከመርሳ ወልድያ ስታዲየም ሄድኩ። ነጠላዬን ሳስተካክል ሕዝቡ «ተጠለፈች! ተጠለፈች!» እያለ ስሟን ጠርቶ ጮኸ። ቀና ብዬ እስካይ መች ታገሥኩ! «የማን ዱርዬ ነው ልጄን በጠራራ ፀሐይ የሚጠልፍ?» ብዬ ምርኩዜን ይዤ ተነሣሁ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቤ ያለው ጎረምሳ፣ «እማማ፣ ይቀመጡ፤ በኳስ መጥለፍ ማለት እግር አስገብቶ መጣል ነው። ዳኛው ይፈርድላታል» አለኝ።

ዳኛ ተብዬው ግን ልጄ እግሯን ይዛ እየተንከባለለች ሳለ እጁን አወናጨፈና «ቀጥሉ!» አለ። ደሜ ፈላ። «እንዲህ ያለውን ዳኛማ አውቀዋለሁ!» አልኩት ጎረምሳውን። «እኔንም በልጅነቴ ሲጠልፉኝ፣ ሊፈርዱ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ‹አንዴ ሆኗል፣ ኑሪ› ነው ያሉኝ።»