ገበያ ያልወጣው ቴሌቪዥን

ቢቸና ፊዚክስ አስተምራለሁ። ላገባት ያሰብኳት ዘይነብ፣ ሞጣ ከተማ ጨርቅ ለሚነግዱት አባቷ፣ ለሐጂ፣ «ማስተርሱን የሠራው በቴሌቪዥን ስክሪን ነው» ብላቸው ኖሯል። ልተዋወቃቸው ስሄድ፣ ገና ሳልቀመጥ የተበላሸ ቴሌቪዥናቸውን ፊቴ አቀረቡልኝ።

«ይኸው በሽተኛው» አሉ።

«ሐጂ፣ እኔ ጠጋኝ አይደለሁም። ያጠናሁት ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የካርቦን ቱቦ ነው። ኤሌክትሮን እየረጨ ስክሪኑን ያበራል።»

«ታዲያ የእኛው ቱቦ ተቃጥሎ ይሆናላ!»

«የእርስዎ ቴሌቪዥን ይህ ቱቦ የለውም።»

«የጎረቤትስ?»

«የማንም የለውም! እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን ገና ገበያ አልወጣም።»

«እና ሁለት ዓመት ሙሉ የሌለ ቴሌቪዥን ስትማር ከረምክ?»

ደሜ ፈላ። ይህንኑ ቢቸናም ያልጠየቀኝ ሰው የለም። «አዎ! የሚጠናው እኮ የሌለውን ለመሥራት ነው!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ዘይነብ አንገቷን ደፋች። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ሐጂ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ከዚህ በፊት ያመጣኋቸው ሁለት ጠጋኞች እንችላለን ብለው ፈታተው ነው የገደሉት። ይኼኛው የማይችለውን አልችልም ይላል» አሏት። ከዚያ እኔን አዩኝና፣ «ሽማግሌ ላክ። እነሱ ግን እንዳንተ አይጩሁብኝ» አሉኝ።