ጨርቄ እሱ ጋ ነው

ወገኖቼ፣ ለእኚህ ሴት ብላችሁ የያዛችሁትን ሥራ ጥላችሁ የመጣችሁልን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። እኔ የሟቿ ባል ታላቅ እህት ነኝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ዜና ሕይወታቸውን የምታነብላችሁ የልጅ ልጄ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔው ነው፣ «አያቴ፣ ይሄ በዜና ሕይወት አይጻፍም» ያለችኝንም ጻፊ ብዬ አስጽፌያታለሁ። ሟቿ በዕድሜ ከእኔ በብዙ ያንሱ ስለነበር ቤት ውስጥ አንቺ ነበር የምላቸው፤ ዛሬ በሰውም በፈጣሪም ፊት ነንና እርሳቸው እላለሁ፣ አፌ ካመለጠው ይቅር በሉኝ። ወንድሜን ግን እሱ እለዋለሁ፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁትን ሰውዬ አንቱ ማለት አይሆንልኝም።

እኚህ ሴት ከጫማ ሰፊ አባታቸውና የሰው ልብስ እያጠቡ ቤት ይደግፉ ከነበሩት እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለአንድ ክፍል ቤት ተወለዱ፤ ለቤቱም አንድ ልጅ ነበሩ። እናታቸው በሕፃንነታቸው ስላረፉ፣ አባታቸውም በከንፈራቸው ሚስማር ይዘው ጫማ ላይ እንዳቀረቀሩ የሚመሽባቸው ዝምተኛ ሰው ስለነበሩ፣ ያደጉት የባቡሩን መምጣትና መሄድ እየሰሙ፣ በመስኮቱ ሥር ብቻቸውን እየተጫወቱ ነው። እሑድ ሲሆን ግን ማንም ሳያዛቸው ፊታቸውን ታጥበው ቤተ ክርስቲያን ይሄዱና፣ እናታቸው ይዘዋቸው ይቀመጡበት በነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ይሰሙ ነበር። ትምህርት ቤትም ገብተው ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተማሩ፤ የአባታቸው ዓይን ሲደክም ደብተሩን አስቀምጠው መርፌ አነሡ።

መርፌ ያስያዟቸው አክስታቸው ሲሆኑ፣ ሱቃቸውም ከአውቶቡስ ጋራዡ ፊት ለፊት ስለነበር የሾፌሮቹና የትኬት ቆራጮቹ የደንብ ልብስ ሁሉ በእነርሱ እጅ ያልፍ ነበር። ወንድሜ ያኔ አዲስ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ኪሱ የተቀደደ ኮት ይዞ ገባ። ልብስ ሰፊ መቼም ታውቃላችሁ፣ «ነገ ና» ይላል፤ እርሳቸውም «ነገ ና» አሉት። ሰው ሁሉ ነገ ሲባል ይቆጣል፤ ነገ ሲባል ፊቱ የሚበራ ደንበኛ ወንድሜ ብቻ ነበር። ኪሱ በተሰፋ በሳምንቱ ደግሞ እጅጌው ይተረተራል፣ ከዚያ ኮሌታው። «ይህ ልጅ ወንበሩ ላይ ውሻ ነው እንዴ የሚያስቀምጠው?» አሉ አክስትየው፤ የሚተረትረው ራሱ መሆኑን በኋላ ለእኔ ነው የነገረኝ።

እንዲህ ተዋወቁ። ሟቿ እንደ ክር የቀጠኑ ስለነበሩ ወንድሜ ለማሾፍ ብሎ «ድምቡሼ» አላቸው፣ ስሙም በዚያው ቀረ። ራሳቸው የሰፉትን ነጭ ኮሌታ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ የስፌት መኪናውን መንገዱን በሚያየው መስኮት ሥር አደረጉት፤ ወንድሜም አውቶቡሱን በዚያ ሲያሳልፍ ጥሩንባ ሳይነፋ አያልፍም ነበርና ጎረቤቱ በሙሉ ድምቡሼ ምሳ እንዲያቀርቡ በጥሩንባ እንደሚነገራቸው ያውቅ ነበር። አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ፤ አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅተው፣ ወደ ባሏ ሩቅ ከተማ ሸኟት። እስከዚያ ድረስ ኑሯቸው፣ እውነቱን ልናገር፣ የሚያስቀና ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ወንድሜ አውቶቡሱን የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሳያቆም አለፈ። ተሳፋሪው ቢጮህ፣ ትኬት ቆራጩ ትከሻውን ቢነቀንቀው፣ ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰበት መንገድ ጠፍቶበት መሪውን ይዞ ብቻ ይሄዳል። አውቶቡሱ እንደምንም ሲቆም ትኬት ቆራጩ እጁን ይዞ እንደ ሕፃን ልጅ ቤቱ አመጣው። ከዚያ በኋላ መርሳቱ ቀስ እያለ ይበላው ጀመር፤ መጀመሪያ የመንገዶቹን ስም፣ ከዚያ የባልንጀሮቹን፣ ከዚያ የእኔን የእህቱን፣ ከዚያ የልጁን። አንድ ማለዳ ሟቿ ቁርስ ቢያቀርቡለት ከወንበሩ ብድግ አለና፣ «ተቸገሩ እመቤት፤ የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አላቸው። ሐኪሙም ይህ ነገር ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም ብሎ ነገራቸው።

የዚያን ዕለት ሟቿ ማድ ቤት ገብተው፣ ልቅሷቸው እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍተው፣ ውኃው እየፈሰሰ ጸለዩ። ሲጸልዩም «እመልስልሻለሁ» የሚል ቃል በልባቸው እንደመጣላቸው ለእኔ ነገሩኝ። ለሌላ ለማንም አልተናገሩም። እኔ ኀዘን ነው የሚያናግራቸው አልኩ በልቤ። እርሳቸው ግን ያችን ቃል ያዙ፣ ያዙ ስል እንዲሁ እንዳይመስላችሁ፤ ቀሪ ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩት በእርሷ ነው።

ጠያቂ መጀመሪያ ይበዛል፣ ኋላ ይሳሳል፤ ሰውም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ምን ብሎ እንደሚጫወት ይጠፋዋል። የቤተ ክርስቲያን እኅቶች መጥተው ይጸልዩ ነበር፤ ባልየው ሳይድን ሲቀር አንዷ «እምነትሽን መርምሪ» አለቻቸውና እርሳቸውም ወደ በሩ ሸኝተዋት ተመልሰው ሥራቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ደንበኛ ብቻ ሆነ፤ እሱም ልብሱን ሰጥቶ ደረጃውን ይወርዳል። ወንድሜ ጨዋ ሰው ስለሆነ ሚስቱ ካልሆነች ሴት ጋር በአንድ ክፍል ማደር ነውር ነው ብሎ አሻፈረኝ አለና አልጋውን ሳሎን አነጠፉለት። ቀልድ ሲነግሩት እንግዳ ሰው እንደሚስቅ፣ ለወጉ ያህል ፈገግ ይላል። ሰው በባዶ ቤት ብቻውን ቢሆን ያለ ነው፤ እርሳቸው ግን የሚወዱት ሰው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እያለ ነበር ብቻቸውን የሆኑት። አንድ ጊዜ «እትዬ፣ ስሜን የሚጠራኝ እኮ አጣሁ፤ አንቺ ስትመጪ ነው ስም ያለኝ» ብለውኛል። እኔም ጀርባቸውን ዳበስኩ።

ልጃቸው ይህን አይታ፣ አባቷን አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት አስገብተው ከእርሷ ጋር እንዲኖሩ ለመነቻቸው፤ «እማዬ፣ አጠገቡ ብትሆኚ ባትሆኚ ለእሱ አንድ ነው» አለቻቸው። እውነት ነበራት ልጅቷ። እርሳቸውም ጨርቄን ማቄን ሳይሉ፣ «ሄጄ ሳለሁ ቢመለስስ?» አሏት። ወደ ገበያ የወጣ ሰው የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።

አሁን የልጅ ልጄ አይጻፍም ያለችኝን ነው የምነግራችሁ። ሟቿ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «አሮጊቷን ባያውቃት ወጣቷን ያውቃት ይሆናል» ብለው ያንን ሰማያዊ ቀሚስ ከሣጥን አወጡ። ሰውነታቸው ከወጣትነታቸው ሞላ ብሎ ስለነበር ስፌቱን ተርትረው፣ ከጎንና ከጎኑ ጨርቅ ጨምረው ዳግመኛ ሰፉት፤ ኮሌታውን ተኮሱ፣ ጠጉራቸውንም እንደዚያን ጊዜው አስያዙ። እኔ እንደ ሙሽራ እናት ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ሳሎን ገብተው ፊቱ ቆሙ። ወንድሜ አያቸው፣ ተነሣ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ፊቱ ቀላ። እኔ ይሄው ጌታ ሆይ አልኩ። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እመቤት፣ ልብስዎ እጅግ ያምራል። ግን እንዳይቀየሙኝ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ። ሚስቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ መቀስ አላት» አላቸው።

ያለቅሳሉ ብዬ ተነሣሁ፤ እርሳቸው ግን ጠረጴዛውን ይዘው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከሳቃቸው ውስጥ እንባው በኋላ መጣ። «የት ሄደው ነው ባለቤትዎ?» ብለው ጠየቁት። «ድምቡሼ? ትመጣለች። እየጠበቅኋት ነው» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ማድ ቤት ተከትያቸው ገባሁና፣ «አንቺ ሞኝ፣ በር አሳየሽ እኮ፣ ምን ያስቅሻል?» ብላቸው፣ «እትዬ፣ ያባረረኝ እኮ ለእኔው ብሎ ነው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ «ሚስቴ መጣች?» ባለ ቁጥር «እየመጡ ነው» ይሉት ነበር። ውሸት ኀጢአት ነው ብዬ ስቆጣ፣ ውሸት አይደለም ብለው ይከራከሩኝ ነበር፤ እሱ እርሳቸውን፣ እርሳቸውም እሱን፣ በአንድ ቤት ሁለቱም ይጠባበቁ ነበር።

ልባቸው እንደደከመ ለማንም ሳይናገሩ ከርመው፣ እግራቸው አብጦ የመኪናውን መርገጫ መርገጥ ሲያቅታቸው ነው ሐኪም ቤት የተኙት። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የእነዚያ ሁሉ ዓመታት ብቸኝነታቸው በአንድ ጊዜ መጣብኝና ቁጣዬን መያዝ አቃተኝ። «እግዚአብሔር እመልስልሻለሁ ብሎሽ አልነበረም? የታለ ታዲያ ቃሉ? ሳታይው ልትሄጂ አይደለም ወይ?» አልኳቸው። በሽተኛ ላይ እንዲህ ይጮኻል? እርሳቸው ግን ያን የሱቃቸውን ፈገግታ ፈገግ ብለው፣ «እትዬ፣ እኔ ለስንቱ ሰው ነገ ና ብያለሁ። ደንበኛ ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልረግጥም ይላል፤ በማግሥቱ ግን ይመጣል። ለምን? ጨርቁ እኔ ጋ ነዋ፣ ተቆርጧል። የእኔም ጨርቄ እሱ ጋ ነው፤ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉኝ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ «ነገም ቢሆን፣ ከሞት ወዲያም ቢሆን፣ እሱ ሰፍቶ ያስረክበኛል። እኔ ግን ቶሎ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል እንዳታልፊያት ብዬ የልጅ ልጄን አደራ ብያታለሁ፤ ተስፋ ያላቸው ሰው ናቸውና አልናፈቁም፣ አልከፋቸውም ብላችሁ እንዳትሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ለወንድሜ ቁርሱን ልሰጥ ቤት ደርሼ እስክመለስ፣ ሟቿ ማንም አጠገባቸው ሳይኖር ዐረፉ። አስታማሚዋ አንሶላ ልትቀይር ስትገባ ነው ያገኘቻቸው። ፊታቸው ወደ በሩ ዞሮ ነበር ብላ ነገረችኝ።

እንግዲህ ቃሉ ሲፈጸም በዓይናቸው አላዩም፣ እኔም አላየሁም። አይተዋል ብዬ በሬሳቸው ፊት አልዋሽም። እኔ የእርሳቸውን ያህል እምነት ያለኝ ሰው አይደለሁም፤ ግን ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ሳስበው፣ ሙታን ሲነሡ ወንድሜ የሚያስታውስበትን አእምሮ የሚመልስለት ከጌታ ሌላ ማን አለ? ድምቡሼ፣ አንቺ ልጅ፣ እኔም እንግዲህ ካንቺ ተምሬ መጠበቅ ልጀምር ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ብዙ የምጠብቅም አይመስለኝም።

ሟቿ ከሩቅ የመጣችውን አንዲት ልጃቸውን፣ የሴት ልጃቸውን ልጆች፣ እኔን፣ ልብሳቸውን ሳያነሡ የቀሩ ደንበኞቻቸውን፣ እንዲሁም ከፊት ወንበር ላይ ባርኔጣውን በጉልበቱ ይዞ የተቀመጠውን ባላቸውን ትተው ሄደዋል። ወንድሜ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት ነው። ጠዋት ኮቱን ሳለብሰው «የማን ቀብር ነው የምንሄደው?» አለኝ። የአንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ነው አልኩት። «ነፍስ ይማር» አለ፤ «ሰው አላቸው?» አለ። ባል አላቸው አልኩት። «ምስኪን፣ እሱን እግዜር ያጽናው» አለኝ።

ስለዚህ ጌታ ሆይ፣ እሱን አጽናው፤ በአፉ የለመነህ ራሱ ነው። የእርሳቸውን ነፍስ በአብርሃምና በሣራ፣ ቃልህን ሲጠብቁ ባረጁት ሁሉ ዘንድ አሳርፍልን፤ የነገርካቸውንም አንተ ታውቃለህ። ወገኖቼ፣ አሜን ስትሉ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉልኝ። ሰው አሜን ሲል ከሰማ ወንድሜም ይላል፤ ለማን እንደሆነ ባያውቅም ለሚስቱ አሜን ይበልላት።