አዴርና የአባቶች ስም

በኮሮና ጊዜ ነው፤ ሀርጌሳ ባጃጅ እነዳለሁ። መሐመድ ሞጌ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ያለ ማስክ መንገድ ዳር ቆመው አላፊ አግዳሚውን ሊጨብጡ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ሰዉ "ዞር በል፣ አንተ እብድ! ልታስጨርሰን ነው?" እያለ ይሸሻቸዋል። የመርሳት በሽታ መሆኑ ገባኝ፤ አባቴንም እንዲሁ አድርጎት ነበር። አቁሜ ሳስገባቸው ተሳፋሪዬ፣ አንዲት ሴትዮ፣ "ወይ እሱ ወይ እኔ!" ብላ ዘላ ወረደች። ደሜ ፈላ። "አንቺ አታረጂም?" አልኳት።

"አዴር፣" አልኳቸው፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ "ቤትዎ የት ነው?" ጠፋባቸው። የልጆቻቸውም ስም ጠፋ። ግራ ሲገባኝ "እሺ፣ የማን ልጅ ነዎት?" አልኳቸው። ሱማሌ የአባቶቹን ስም በቃሉ እየቆጠረ ነው የሚያድገው፤ ሽማግሌው ቀና ብለው ከአባታቸው ጀምረው አንድ ሳይስቱ ያወርዱት ጀመር። ስምንተኛው ላይ ሴትዮዋ ከውጭ ተቀበለቻቸው፤ ዘጠነኛውን አብረው ጠሩት። "ሱብሐነላህ! የእኛው ጎሳ ሰው ናቸው" አለች። ከቦርሳዋ ትርፍ ማስክ አውጥታ አደረገችላቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። "ንዳ፤ ቤታቸውን ዘመድ ጠይቄ አገኘዋለሁ።"

ገና ሳልነሳ ሽማግሌው "አንተስ የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። ቆጠርኩ፤ አራተኛው ላይ ጠፋብኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"አይዞህ ልጄ፣ መርሳት ያለ ነው።"